የስንቅና የካሎሪ ሒሳብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቍጥር ነው። ይኸውም ስፖርት ሠርተን ስንጨርስ በእጅ ስልክ ወይም በእጅ ሰዓት ላይ የሚታየው፥ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልህ» የሚለው ቍጥር ነው። ከመካከላችን በዚህ ቍጥር ተመርቶ ራቱን የሚተው አለ፤ ቍጥሩ በዛልኝ ብሎ ያለ ልክ የሚበላም አይታጣም። የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ከገጠር ለሚመጣ ተማሪ ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ሒሳቡ ከተሳሳተ ዐርብን በባዶ ሆድ ይማራል።

በምግብ ነገር አንድ ካሎሪ የምንለው፥ አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ሰውነት ያቃጠለውን በደንብ ለማወቅ ሊቃውንት የሰውየውን ትንፋሽ ይለካሉ፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን በተጠቀመ ቍጥር 5 ካሎሪ ያህል ያቃጥላልና። የእጅ ሰዓት ግን ትንፋሽ አይለካም። የልብ ትርታና እርምጃ ቈጥሮ ይገምታል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዐይነት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። ስድስቱ የልብ ትርታን ከመቶ 5 ባልበለጠ ስሕተት ለኩ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ ከመቶ 27 ተሳሳተ፤ የባሰው ከመቶ 93!

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። ደሴና ቦሩ ሜዳ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ እንግዳ ለዚያው ሥራ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ በልብ ትርታ የሚገምተው ሰዓትም ብዙ ካሎሪ የተቃጠለ ይመስለዋል።

ታዲያ በእርሳስና በወረቀት እንሞክረው። ደልዳላ መንገድ የሚሄድ ሰው፥ ተቀምጦ ከሚያቃጥለው በላይ፥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በኪሎ ሜትር ግማሽ ካሎሪ ያህል ያወጣል። 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 250 ካሎሪ ይሆናል። ሰዓቱ ግን 350 ሊል ይችላል፤ ምክንያቱም በሁለቱ ሰዓት መንገድ ውስጥ ተማሪው ቤቱ ቢቀመጥም የሚያቃጥለውን 100 ካሎሪ አብሮ ይቈጥራል። ያንን 100 ለዕለት ኑሮው የሚበላው ምግብ አስቀድሞ ሸፍኖታል፤ ሁለት ጊዜ መቍጠር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዳገት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይነሣል። 50 ኪሎ ሰውነትን ይህን ያህል ማንሣት በፊዚክስ ሒሳብ 70 ካሎሪ ነው፤ ነገር ግን ጡንቻ ካቃጠለው ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ዳገቱ ብቻውን 280 ካሎሪ ይጠይቃል። እርምጃ ብቻ የሚቈጥር መሣሪያ ሐረጎን ሲወጡና ሲወርዱ አንድ ዐይነት ዋጋ ይሰጣል። ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሁሉ ይፍረድ!

ሩጫ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር አንድ ካሎሪ ያህል። አበበ ቢቂላ በጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፥ ለ57 ኪሎ ሯጭ 2,400 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ፍጥነት ይህን ብዙ አይለውጠውም፤ ከኋላ የሚንፏቀቀው ወፍራም ጓደኛችን በዚያው ርቀት ከፊተኛው የበለጠ ያቃጥላል፤ ስለዚህ አንሣቅበት።

እንግዲህ ወላጆቼ፥ 100 ግራም የገብስ ቆሎ ከ350 ካሎሪ አያንስም። የሐረጎ ዳገት 100 ግራም ቆሎ እንኳ አይጨርስም፤ የደጋው ብርድ፥ ጥናቱና ዕድገቱ ግን በየቀኑ የራሳቸውን ድርሻ ይበላሉ። ስንቃችንን ስትሰፍሩ ከሰዓት ይልቅ ሚዛንን ጠይቁ። በየወሩ መጀመሪያ፥ ጧት ቍርስ ሳንበላ፥ በአንድ ዐይነት ሚዛን እንመዘን። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ሁለት ወር ተከታትሎ ከቀነሰ፥ ስልኩ ምንም ቢል ምግቡ አንሶታል ወይም ታሟል፤ ስንቁ ይጨመርለት፤ ሐኪምም ይየው።