ጸበሉንም መድኃኒቱንም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በ1990 ዓ.ም. በቡታጅራና አካባቢው በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ወገኖች አብዛኞቹ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ዛሬም በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይዞ አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ጸበሉ ነው። «መድኃኒቱን ይተው» ብንል ይተዋል፤ «ይቀጥል» ብንልም ይቀጥላል።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕሙማንም ይኸው ትምህርት ይገባል። እንግዲህ ሕመምተኛውን አጥምቀንና ጸልየንለት ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ ሲመለስም በማኅበራችን መካከል ስፍራ እንስጠው። ተስፋውን የሚያየው በዚህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።