የማኅበራችን መዝገብ ከታመመው ዲስክ እንዴት ወጣ



እኛ የገላባት ባለሱቆች ስለ ኮምፒዩተር እንድንናገር መጋበዛችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አይቀርም። ሆኖም የማኅበሩ ኮምፒዩተር የሚቀመጠው ከሱቃችን ጓዳ ነው፤ ዲስኩ በታመመ ጊዜም ይዘነው የተንከራተትነው እኛ ነን።

በዚያ ዲስክ ውስጥ የነበረው የአባላት መዝገብ፣ የእድሩ ክፍያና እዚህ ምድር ላይ የቀበርናቸው ወገኖቻችን ስም ከነትውልድ ቦታቸውና ከነተጠሪያቸው ነው። ከጎንደር ወይም ከወሎ አንዲት እናት «ልጄ የት ወደቀ?» ብላ ሰው ብትልክ፣ የምንመልስላት ከዚያ አይተን ነው። የወረቀቱን መዝገብ ምስጥ በልቶታል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ መንቀርፈፍ፣ ቀጥሎም ፋይል ስንከፍት ደርቆ መቆም ሲጀምር ምን እንደተሰማን እናንተው ገምቱ።

ምክር በሽ በሽ ነበር። አንዱ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት አለን። ሌላው በቀስታ አንኳኩት አለ። አንድ ጥገና ቤት ደግሞ ዲስኩን ከፍቶ በብሩሽ ሊያጸዳልን መፍቻውን አነሳ፤ ተቀብለነው ወጣን። ደግም አደረግን። ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበሩ ሳህኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ጽሑፉን የሚያነበው ራስ ሳህኑን ሳይነካ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በአየር ይንሳፈፋል። የአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይጠጋል። ሀቡብ ሲነሳ ከመደርደሪያችን የምንጠርገውን አቧራ አስቡት፤ አንዷ ቅንጣት ለዚያ ራስ ተራራ ናት። ከፍሪጅ የወጣ ዲስክም በእኛ በ40 ዲግሪ ሙቀት ጤዛ ይይዛል።

ገዳሪፍ ያገኘነው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀን «ከታመመ ወዲህ ስንት ጊዜ አበራችሁት?» ብሎ ነው። እንዳስረዳን፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ራስ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያኔ ወዲያው አጥፍቶ አቧራ የማይገባበት ልዩ ክፍል ወዳላቸው ሰዎች መላክ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ደጋግመው ባበሩት ቁጥር ሳህኑ ይቧጠጣል። የእኛው ድምፅ አልነበረውም፤ ሳህኑ ላይ እዚህም እዚያም የተበላሸ ቦታ ነበረው እንጂ።

ባለሙያው ከታመመው ዲስክ ላይ አንድም ፋይል አልከፈተም። ዲዲሬስኪው በሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም መላውን ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጠ። ፕሮግራሙ የሚሠራው እኛ ዱቤ እንደምንሰበስበው ነው፤ በጊዜው ከሚከፍለው ደንበኛ አስቀድሞ ይቀበላል፣ አስቸጋሪውን ይተወዋል፣ በኋላ ተመልሶ ጥቂት ጥቂት ይለቅማል። የት እንደደረሰ በማስታወሻ ስለሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱማ መች ይቀራል!) ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ፎቶሬክ በሚባል ሌላ ፕሮግራም የተሰረዙትን ሳይቀር ፈለገ። ፋይል ሲሰረዝ የሚጠፋው እንደ መጽሐፍ ማውጫው ነው፤ ገጹ ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። ስለዚህ ነው የተገኘውን እዚያው ዲስክ ላይ መልሶ ማስቀመጥ የማይገባው። ኤስኤስዲ የሚባሉት አዲሶቹ ግን የተሰረዘውን ራሳቸው ቶሎ ስለሚያጸዱት፣ በእነሱ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልም።

ባለሙያው ሊያጽናናን የኮሎምቢያን ነገር አወራን። ይህች የአሜሪካ መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ምድር ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁባት። ከስብርባሪዋ የተገኘ ጠቁሮ የከሰለ ዲስክ ሚኒሶታ ወዳለ ኩባንያ ተላከ፤ ከጽሑፉ 99 በመቶው ያህል ወጣ። ከዚያ የወጣ ከእኛ ጓዳ ይወጣል አልን።

ወጣም። ስንከፍተው ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ መጣ። «ይኸው ጠፋ!» ብለን ስንደነግጥ ባለሙያው ሳቀ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት በእነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ስንጽፍ፣ «ሀ» የምንላት በፈረንጅ ፊደል ቦታ ተቀምጣ ኖሯል። የፊደሉ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ አማርኛ መሆኑን ማንም አያውቅለትም። ፎንቱ ከአንድ አባላችን አሮጌ ሲዲ ላይ ተገኘና ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በዚያች ሰዓት ጓዳው ውስጥ የነበርን ሁሉ ዝም አልን።

አሁን መዝገቡ ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ቅጂ ገላባት፣ አንዱ መተማ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሳ ስንት ወገን ሰነዱን ጥሎ በዚሁ በእኛ በር እንደተሻገረ ስላየን፣ በአንድ አገር ብቻ ማስቀመጡ አላስተማመነንም።

የቀረ ነገር አለ። ፎቶሬክ ፋይሉን እንጂ የፋይሉን ስም አይመልስም፤ ስለዚህ ፎቶግራፎቹ ያለ ስምና ያለ ተራ ተደባልቀው ወጥተዋል። ከመዝገቡም መሐል መሐሉ ተበልቶ፣ የሰውዬው ስም ኖሮ የአባቱ የጠፋ፣ አገሩ ኖሮ ስሙ የጠፋ አለ። በወረቀት አትመን ከአዳራሹ በስተኋላ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናል። ቀደም ብላችሁ እዚህ የገባችሁ አባቶችና እናቶች ከቡናው በኋላ መነጽራችሁን ይዛችሁ ብትመጡልን፣ እስክሪብቶ አዘጋጅተናል።