የበረራ ጤና ምስክር ወረቀት፤ የሐኪሙ ፊርማና የባለሙያው ኅሊና



አውሮፕላን የሚያበረውንና ከማማው ላይ ሆኖ በረራን የሚመራውን ሰው አንድ የሚያደርጋቸው ግዴታ አለ፤ ይኸውም ሁለቱም ከሙያ ፈቃዳቸው ጋር የጤና ብቃት ምስክር ወረቀት መያዝ የሚገባቸው መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የቺካጎ ስምምነት በአባሪ 1 ለንግድ በረራ አብራሪዎች አንደኛውን፣ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሦስተኛውን የምርመራ ደረጃ ደንግጓል። የአብራሪው ምስክር ወረቀት በመደበኛው 12 ወራት ይጸናል፤ ዕድሜው 60 ሲያልፍ ወደ 6 ወራት ያጥራል። የተቆጣጣሪው 48 ወራት ሲሆን ከ40 ዓመት በኋላ ወደ 24 ይወርዳል። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብና አእምሮ ይመረመራሉ። መነጽር ማድረግ ብቻውን ከሥራ አያስወጣም፤ ነገር ግን ትርፍ መነጽር ከአጠገብ እንዳይለይ ደንቡ ያስገድዳል።

ይሁን እንጂ ሐኪም የሚመሰክረው ስለ መረመረበት ቀን ነው። ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ አድሮ ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ቦሌ ለፈረቃው የሚደርስ ተቆጣጣሪ፣ በኪሱ ያለው ወረቀት ገና ያልተቃጠለ ቢሆንም፣ የዚያን ዕለት ብቁ ላይሆን ይችላል። ስለዚህም ያው አባሪ፣ ባለፈቃዱ የጤናውን መጓደል ባወቀ ጊዜ ከሥራው እንዲታቀብ ያዝዛል። እዚህ ላይ ዳኛው ራሱ ባለሙያው ነው።

ዳኛው ሲፈራ የሚሆነውን ዓለም አይቶታል። መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ ሐኪም ለሥራ ብቁ አይደለም ብሎ የጻፈለትን ወረቀት ለአሠሪው ሳያሳይ በረረ፤ አውሮፕላኑንም ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር አላተመው። እርሱን ጨምሮ 150 ሰዎች አለቁ። የፈረንሳይ መርማሪዎች ሕመሙን ለመደበቁ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል የመብረር መብቱንና ገቢውን የማጣት ሥጋትን ጠቅሰዋል።

በአገራችንም ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ አውሮፕላን ከተቆጣጣሪዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ ኋላ በሰላም አርፏል፤ አብራሪዎቹን እንቅልፍ ጥሏቸው እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ድካምን የዓመት ምርመራ አይዘውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን መታመሙን የተናገረ ሠራተኛ እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ፣ መደበቅን ያስተማረው ተቋሙ ነው። በመሆኑም የሕመም ፈቃድ ያለ ነቀፋ ሊሰጥ፣ ፈቃዱ በጤና ምክንያት ለታገደበትም ሰው ገቢው የሚጠበቅበት ዋስትና ሊኖር ይገባል። የሐኪሙ ፊርማ ዋጋ የሚኖረው ባለሙያው «ዛሬ አልችልም» ለማለት ሳይፈራ ሲቀር ነው።