የቤት ትምህርታችንን ዓመት ያለ ጭንቀት ስለ መዝጋት
(በማኅበራችን የሜይ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው እዚህ ቨርጂኒያ ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር እናቶች ሜይ በገባ ቁጥር ስለሚይዘን ጭንቀት ነው። ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምትልኩም ታገሡን፣ ነገሩ ለእናንተም እንግዳ አይሆንም።

ባለፈው ዓመት በአንዳችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። የሂሳብ መጽሐፉን ስንቆጥር 34 ትምህርት ቀርቶታል፤ ለመዝጊያ ያሰብነው ቀን ደግሞ 3 ሳምንት ነው የቀረው። በቀን ሁለት ሁለት፣ ቅዳሜንም ጨምረን እንጨርሰዋለን አልን። ማታ በ3 ሰዓት ከሥራ ገብተን፣ እራት ሳንበላ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገብ ቁጭ። በአምስተኛው ቀን መጽሐፉ ጠፋ። ቤቱን ሁሉ ፈልገን ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ አገኘነው። ልጅቷ ደብቃው ነበር። ስንቆጣት አላለቀሰችም፤ "እማዬ፣ እኔ ሰነፍ ነኝ እንዴ?" ብላ ብቻ ጠየቀችን። ዓመቱን ሙሉ ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት።

ለመሆኑ መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲያልቅ ማን ጠየቀን? ማንም። የቨርጂኒያ ሕግ የሚፈልገው ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 ለትምህርት አውራጃው ሱፐርኢንተንደንት እንዲደርስ ነው። አንዱ መንገድ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ ፈተና ነው፤ አጠቃላይ ውጤቱ 4ኛው ስታናይን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል። ስታናይን ማለት ውጤቱ በዘጠኝ እርከን ሲከፈል ነው። አራተኛው እርከን የሚጀምረው ከ100 ተፈታኞች ከ23ቱ ገደማ በልጦ ከተገኘ ልጅ ነው። ሌላው መንገድ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ወይም ማስተርስ ዲግሪ ያለው፣ የልጁን ትምህርት የሚያውቅ ሰው በቂ እድገት ማሳየቱን መስክሮ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ማስረጃው ቢጎድል እንኳ ሱፐርኢንተንደንቱ የማሻሻያ ዕቅድ ተቀብሎ ለ1 ዓመት በሙከራ ሊያቆየን ይችላል። ልጁ መስከረም 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ለዚያ ዓመት ማስረጃም አይጠየቅበትም። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ የምትኖሩት ሥርዓታችሁ ሌላ ነው፤ ከእናንተ የሚፈለገው የልጁን ሥራ በፋይል ሰብስቦ ለግምገማ ማቅረብ ነው።

ከመካከላችን በሂሳብ ሥራ የምንተዳደር አለን። አገር ቤት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን። ግን ሂሳብ ተዘጋ ማለት ዕዳው ሁሉ ተከፈለ ማለት አይደለም። የተሠራውን እንደ ተሠራ፣ የቀረውን እንደ ቀረ ጽፈን፣ ቀሪውን ወደ ሐምሌ 1 እናዞራለን። የዞረ ሂሳብ ነውር የለበትም። ነውሩ ያልተሠራውን ተሠራ ብሎ መጻፍ ነው፤ በቀን ሁለት ትምህርት ስናስሮጣት የነበረው እንግዲህ ይኸው ነበር። ገጹ ይገለበጣል፣ ልጅቷ ግን ምንም አልያዘችም።

በዚያው ሳምንት "ትምህርት 86 ላይ ቆመናል፣ ቀሪው ወደ ሴፕቴምበር ይዞራል" ብለን በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ቀኑን ጽፈን ዘጋነው። ሴፕቴምበር ላይ የሚቀጥለውን ክፍል መጽሐፍ ስንከፍት የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ክለሳ ሆነው ተገኙ። ካዞርነው ውስጥ ብዙው እዚያው ነበር።

ሌላው አስጨናቂ አያት ናት። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ትደውልና "ስንተኛ ወጣ?" ትላለች። አንድ ልጅ ብቻ ላለን ቤት መልሱ ቀላል ነው፤ ከአንድ አንደኛ! ግን ጥያቄው ይነካናል፤ እኛም በደረጃ ያደግን ነን። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ለአያቱ በስልክ ካነበበላት ደረጃውን ትረሳዋለች፤ ሞክረነዋል። 231ዱን ባይጨርስም ግድ የላትም።

አሁን ወደ ሥራው። የመዝጊያውን ቀን ዛሬ ማታ በካላንደራችሁ ላይ ጻፉ፤ መጽሐፉ አለቀም አላለቀም ያ ቀን መዝጊያ ነው። አንድ ካርቶን አዘጋጁና ከየትምህርቱ በመጀመሪያ፣ በመሐልና አሁን የተሠራ አንዳንድ ወረቀት ክተቱበት። ሁሉን አታስቀምጡ። የተነበቡ መጻሕፍትን ዝርዝር ልጁ ራሱ ይጻፈው። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው ግን ጁላይን አትጠብቁ፤ ያኔ ሰዉ ሁሉ ለእረፍት ይሄዳል፣ የፈተና ውጤትም ቶሎ አይመጣም። የላካችሁትን ሁሉ ቅጂ ያዙ፤ ይህን የሂሳብ ሰው ምክር በሉት። ለሚቀጥለው ዓመት ቤት እንደምታስተምሩ የምታሳውቁበት ወረቀት የሚገባው እስከ ኦገስት 15 ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ብትልኩ ይቀላል።

ደጋፊዎቻችን የሰጣችሁን ገንዘብ ዘንድሮም ለፈተና ክፍያ እንዲውል ተወስኗል፤ እናመሰግናለን። ክፍያው የከበዳት እህት በስብሰባ መሐል መናገር የለባትም። ቡናው ሲፈላ ወደ ገንዘብ ያዥዋ ጠጋ ብላ ስሟን ታስመዝግብ።