የነርቭ ክር ደጁን እንዴት ያገኛል?



ዓይን ያየውን ወደ አንጎል ቅርፊት የሚያደርሱት፥ በአንጎል መካከል ካለው ከታላመስ የሚነሡ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸው። አክሶን ይባላሉ። ጕዞአቸውንም የሚጀምሩት ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ ነው፤ ታዲያ ማን ይመራቸዋል?

የእስፓኙ ሊቅ ራሞን ኢ ካኻል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 የጫጩት ሽል ሲመረምር በክሩ ጫፍ ላይ ጣት መሳይ ነገር አየ። ይህ ጫፍ የሚስበውንና የሚገፋውን ኬሚካል እየለየ፥ ዐይነ ስውር በበትሩ መሬቱን እየዳሰሰ እንደሚሄድ ይጓዛል።

እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን ክሮቹ ደጅ የመጥናታቸው ነገር ነው። ከቅርፊቱ ሥር ሲደርሱ ወዲያው አይገቡም፤ ሰብፕሌት በሚባለው ክፍል ለሳምንታት ይቈያሉ። በ1990 ካርላ ሻትስና የሥራ ጓደኞቻቸው በድመት ሽል ላይ የዚህን ክፍል ሴሎች ቢያጠፉ፥ ክሮቹ ለማየት የተመደበውን ቅርፊት ሳይገቡበት አልፈውት ሄዱ። ደጃቸውን የሚያሳይ አጡ! እነዚያ ሴሎችም ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ አብዛኞቹ ይሞታሉ።

በሰው ልጅ ክሮቹ ወደ ቅርፊቱ መግባት የሚጀምሩት በስድስተኛው ወር ገደማ ነው። በ2003 በወጣ ጥናት ደግሞ፥ በአይጥ ግልገሎች ላይ የደምና የኦክሲጅን እጥረት እነዚህን መሪ ሴሎች ከሌሎቹ ይልቅ ሲገድላቸው ታየ። ሐኪሞች ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ትንፋሽ እጅግ የሚጨነቁበት ከብዙው ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለናል። ከእናንተም መካከል የሰባት ወር ልጅ ታቅፎ ያሳደገ ወላጅ አይጠፋም፤ በእነዚያ ሌሊቶች የልጁ የነርቭ ክሮች ገና ቤታቸውን በመያዝ ላይ ነበሩ።