ቤቱ ሙሉ ነበር
(በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደምታውቁት ነርስ ነኝ፤ ዲግሪዬንም የያዝኩት እዚሁ አሜሪካ ነው። ባለፈው የበረዶ ሰሞን አውሮራ ውስጥ አንዲት እናታችን በልብ ሕመም ተኝተው ከሆስፒታል ወጡ። ይህን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ የእንጀራው ብዛት ማስቀመጫ ጠፋለት። (ይዤ የሄድኩት ወጥ ለልብ ሕመምተኛ ጨው የበዛበት ነበር፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው።) በሳምንቱ አዙሯቸው ወደቁና ተመልሰው ገቡ። ለካ ላሲክስ የሚል አንድ ብልቃጥ፣ ፉሮሰማይድ የሚል ሌላ ብልቃጥ ነበራቸው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም ይውጡ ነበር። እኔ ነርሷ ሁለት ጊዜ ሄጄ ቡና ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ጥሩ እንክብካቤን የምንለካው በጠያቂው ብዛት ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኤሪክ ኮልማን ግን ጥሩ የሚባለው ምን እንደሆነ ሕመምተኞችንና አስታማሚዎችን ራሳቸውን ጠየቁ። ከዚያ ከተገኘው መለኪያ ሦስት ጥያቄዎች እንደ ፈረንጆቹ በ2013 በመላ አገሪቱ የሆስፒታሎች መጠይቅ ውስጥ ገቡ፦ የእኔና የቤተሰቤ ፍላጎት ታይቷል ወይ? ቤት ስገባ የራሴ ኃላፊነት የቱ እንደሆነ ገብቶኛል ወይ? እያንዳንዱን መድኃኒት ለምን እንደምወስድ አውቃለሁ ወይ?

በ2006 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 750 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ አንድ አሠልጣኝ ቤታቸው ሄደ፣ ጥቂት ጊዜም ደወለ። መድኃኒታቸውን ራሳቸው እንዲያውቁ አስተማራቸው እንጂ አላስታመማቸውም። በ30 ቀን ውስጥ ሆስፒታል የተመለሱት ካልተጎበኙት ከመቶ 11.9፣ ከተጎበኙት 8.3 ነበሩ።

አንድ ወንድማችን «ፍቅር በወረቀት አይቆጠርም» ብለውኛል። ልክ ናቸው። ተመልሶ የገባ ሰው ግን ይቆጠራል። ስለዚህ ጠያቂ ኮሚቴያችን ሦስቱን ጥያቄዎች በአማርኛ ይጠይቅ፣ መልሱን ያለ ስም ይመዝግብ፣ በ30ኛው ቀን ደውሎ ሰውየው ቤቱ መሆኑን ያረጋግጥ። የዓመት ቁጥራችን መጥፎ ከሆነ መጥፎውን እዚሁ ቆሜ አነባለሁ።

መድኃኒት አትንኩ፣ አትቀንሱ። ሁለት ብልቃጥ ተመሳስሎ ካሳሰባችሁ ፋርማሲው ጋ አብራችሁ ደውሉ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ።