ጓያ፤ የክፉ ቀን እህልና የዕድሜ ልክ ሽባነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የሕይወት ሳይንስ፣ የጤናና የምግብ ዋስትና ጉዳዮች በአንድ ጉባኤ እንዲመከርባቸው በተጠራ ቁጥር «ሐኪሙን ከእርሻ ባለሙያው፣ ኬሚስቱን ከወጥ ቤት ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ለዚህ ጥያቄ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ አንድ እህል በቂ መልስ ይሰጣል፤ ይኸውም ጓያ ነው። ዘሩን የሚያውቀው የሰብል ተመራማሪ ነው፤ መርዙን የሚያውቀው ኬሚስት ነው፤ ሽባውን የሚያውቀው ሐኪም ነው፤ አበሳሰሉን የምታውቀው የቤት እመቤት ናት። እነዚህ ዕውቀቶች ተለያይተው በቆዩበት ዘመን ሁሉ አንዳቸውም ለብቻቸው የገበሬውን ልጅ ከምርኩዝ ሊያድኑት አልቻሉም።

ይህን የተገነዘቡ ምሁራን በ1985 በፈረንሳይ አገር በፓው ከተማ ተሰብስበው ስለ ጓያና ስለሚያስከትለው በሽታ መከሩ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1995፣ ተመሳሳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። የጉባኤውን ጽሑፎች ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና በቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ፈርናንድ ላምበን በመጽሐፍ አዘጋጅተው በ1997 አሳተሟቸው። አዲስ አበባ ላይ የተቀመጡት ምሁራን የሚነጋገሩበት ጉዳይ ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በገበሬው ማሳና ማጀት ውስጥ ይገኝ ነበር።

የእህሉ ጠባይ

ጓያ ከአተር፣ ከባቄላና ከምስር ወገን የሚቈጠር ጥራጥሬ ነው። በኢትዮጵያ በተለይ ውሃ በሚቋጥረው በዋልካ ወይም በመረሬ መሬት ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራል፤ ከዚያም በኋላ ዝናብ ባይጥል፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት አድጎ ያፈራል። ውሃ ሲተኛበትም ሆነ ድርቅ ሲበረታበት፣ ሌሎቹ ሰብሎች ሲጠፉ እርሱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ብዙ ድካምና ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም በሥሩ ላይ በሚኖሩት ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰደ ለሚቀጥለው ሰብል መሬቱን ያለማል። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፤ ገለባውም ለከብት ይሆናል።

ስለዚህ ጓያ ለአነስተኛ ገበሬ መድን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደኅናው ዘመን በሽሮ መልክ ተሠርቶ ከእንጀራ ጋር ሲበላ፣ በቂጣም መልክ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለ ጉዳት ተመግቦት ይኖራል። ጣጣው የሚመጣው ጤፉና ገብሱ ጠፍቶ፣ ስንዴው በገበያ ተወድዶ፣ በጐተራ ውስጥ ጓያ ብቻ ሲቀር ነው። ከዕለት ምግቡ አብዛኛውን ጓያ ያደረገ ሰው በሁለትና በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ለአደጋ ይጋለጣል። እንግዲህ ያው እህል ቤተሰቡን ከሞት ያድነዋል፤ ከቤተሰቡም አንዱን ወይም ሁለቱን ሽባ ያደርጋል።

የበሽታው ታሪክ

ይህ ሐዘን በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። በ1671 በጀርመን ምድር የቩርተምበርግ መስፍን ጓያ ከዳቦ ዱቄት እንዳይገባ በዐዋጅ ከልክሎ ነበር። የናፖሊዎን ጦር እስፓኝን በያዘ ጊዜ፣ በ1811ና በ1812 በማድሪድ ረኃብ በገባበት ወቅት፣ ሕዝቡ በጓያ ነፍሱን ማቈየቱን ሠዓሊው ፍራንሲስኮ ጎያ በኅትመት ሥዕሉ አሳይቶታል። እንግሊዛዊው ስሊማን ደግሞ በማዕከላዊ ሕንድ የስንዴው አዝመራ ተደጋግሞ በመበላሸቱ ጓያ የበሉት ወጣቶች እግራቸው መያዙን በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቧል። በ1873 የኔፕልስ ሐኪም ካንታኒ ለበሽታው «ላቲሪዝም» የሚል ስም ሰጠው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዩክሬይን ምድር በቫፕኒያርካ የግዞት ሠፈር የተፈጸመው ነው። በ1942 ወደዚያ የተጋዙት አይሁድ እስረኞች ዋና ቀለባቸው ጓያ ነበር። ጥቂት ወራት ሳያልፍ በመቶ የሚቈጠሩት ሽባ መሆን ጀመሩ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ዶክተር አርተር ኬስለር የበሽታውን ምክንያት ለይተው ዐወቁ፤ እስረኞቹም ያንን ምግብ አንበላም ብለው አመፁ። ዶክተር ኬስለር ከጦርነቱ በኋላ በእስራኤል አገር ተቀምጠው ከዚያ ሠፈር የተረፉትን ሰዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋቸዋል።

እነዚህ ታሪኮች በዘመንና በቦታ ቢራራቁም አንድ የጋራ ነገር አላቸው። በሁሉም ዘንድ ሰው ጓያን የበላው ሌላ የሚበላው ስላልነበረው ነው።

በሽታውና መርዙ

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሳይታሰብ ነው። ማታ በደኅና የተኛ ጐልማሳ ጠዋት ሲነሣ፣ ወይም ከከባድ ሥራ በኋላ፣ እግሩ ይከብደዋል፤ ባቱ ይጨመደድበታል። ከዚያም እግሮቹ እየተገታተሩ፣ ጉልበቱ እየታጠፈ፣ በጣቶቹ ጫፍ መራመድ ይጀምራል። ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ በምርኩዝ ይለዩታል፤ ይኸውም ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ ባለ አንድ ምርኩዝ፣ ባለ ሁለት ምርኩዝ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚድህ በማለት ነው። አእምሮውን አይነካውም፤ ዕድሜውንም አያሳጥረውም። ነገር ግን የተጐዳው ነርቭ አይመለስም፤ ፈውስም አልተገኘለትም። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶችን አብዝቶ ስለሚያጠቃ፣ ቤተሰቡ የሚያጣው ሞፈሩን የሚይዘውን እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዕድሜ ያ ወጣት ከቤት ደጃፍ ተቀምጦ የሌላውን እርሻ ሲያይ ይኖራል።

መርዙ በሕንድ ተመራማሪዎች ተለይቶ የታወቀው በ1964 ነው። በአጭሩ ኦዳፕ ተብሎ የሚጠራ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ በነርቭ መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር መስሎ እየገባ የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ያነሣሣል። በሌላ በኩል ጓያ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች፣ ማለት ሜቲዮኒንና ሲስቴይን፣ ያንሱታል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስን የመሳሰሉት የብርዕ እህሎች ግን በእነዚህ ከጓያ ይሻላሉ። ስለዚህ ጓያን ብቻውን የሚበላ ሰው መርዙን ሲጨምር መከላከያውን ይቀንሳል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይታከላል። ተክሉ በውሃ ጥም ሲጨነቅ፣ በመሬቱም ውስጥ ዚንክ ሲያንስ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ ይበዛል። እንግዲህ ድርቅ የሚጐዳው በሁለት ወገን ነው፤ ሌላውን እህል አጥፍቶ ሰውን ወደ ጓያ ይገፋዋል፤ የጓያውንም መርዝ ያከፋዋል።

በኢትዮጵያ የታየው

በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1976ና በ1977 በሽታው በወረርሽኝ መልክ ታይቶ በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸውም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ሰፊ ጥናት አካሂደው በ1990 ሲያሳትሙ፣ በሽታው በአካባቢው እጅግ የተስፋፋ መሆኑን ገለጡ። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባው ጉባኤ በተደረገበት ጊዜ ገደማ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት አዲስ ወረርሽኝ ተነሣ፤ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎችም ተጠቁ። ምሁራን ስለ በሽታው በሚነጋገሩበት ዘመን በሽታው ሥራውን አላቋረጠም ነበር።

ከዚህ መከራ ግን ትልቅ ትምህርት ተገኘ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች አመጋገብ አነጻጽረው መረመሩ። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት መልክ አብዝተው የበሉት ሰዎች ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ በሽሮ ወጥና በቂጣ መልክ መብላት ግን ከበሽታው ጋር አልተያያዘም። ጓያን ከብርዕ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የገባበትን ወጥ የተመገቡ ሰዎች የተሻለ ጥበቃ አግኝተዋል። በ2003 በታተመው ጽሑፋቸውም በረኃብ ጊዜ የሚታደለው የእርዳታ እህል በሽታውን ለመቀነስ እንደሚያገለግል አመለከቱ።

የዚህ ጥናት ትርጉም በጥሞና ሊታሰብበት ይገባል። እረኛው በኪሱ የያዘው ቆሎ፣ አራሹ በማሳው ዳር የሚቀጥፈው እሸት፣ ለድካም ማስታገሻ የሚቃመው ንፍሮ፣ እነዚህ ሁሉ ጓያ ያለ ማጣፈጫና ያለ ቅልቅል የሚበላባቸው መንገዶች ናቸው። እናቶች ከጥንት ጀምሮ ሽሮውን በቅመም ሲያዘጋጁ የያዙት ልማድ ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰበትን ጥበቃ በውስጡ ይዞ ኖሯል። በአንጻሩ በአንዳንድ አካባቢ ሽባነቱ የሚመጣው ከጓያው እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ ከመተኛት ነው ተብሎ ይታመናል። እንዲህ የሚያምን ሰው ከእንፋሎቱ ይሸሻል፤ ንፍሮውን ግን ይበላል። ትምህርት ሲሰጥም ሰሚውን ሳያሳፍር ይህን እምነት ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ክልከላ ወይስ ምርምር?

«መርዝ ከሆነ ለምን አይከለከልም?» የሚሉ አሉ። ሕንድ በ1961 የጓያን ሽያጭ ከልክላ ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ መዘራቱም ሆነ መበላቱ አልቀረም። ሌላ የሚዘራው የሌለውን ገበሬ ይህን አትዝራ ማለት አትብላ ከማለት አይለይም። ጓያን ከማሳው ያነሣ ሰው በምትኩ ውሃ የሚችል፣ ድርቅ የሚችል፣ በርካሽ የሚገኝ ሌላ ጥራጥሬ ማቅረብ አለበት፤ እንዲህ ያለው ምትክ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ስለሆነም የሰብል ተመራማሪዎች የመረጡት መንገድ ይበልጥ የተቃና ነው። ከኦዳፕ ፈጽሞ ነጻ የሆነ ዝርያ ባይገኝም፣ መርዙ ያነሰባቸው ዝርያዎች ተመርጠዋል፤ በኢትዮጵያም «ዋሴ» የተባለው ዝርያ በ2006 ለገበሬ ተለቅቋል። በ2023 ደግሞ የእንግሊዝ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ተክሉ መርዙን የሚሠራበትን መንገድ ከባሕርይ መዝገቡ ጋር አያይዘው አሳትመዋል፤ ይህም ለወደፊቱ ማዳቀል ጥሩ መንገድ ይከፍታል። ነገር ግን ንቦች የአንዱን ጓያ ወንዴ ዘር ወደ ሌላው ያደርሳሉና፣ የተሻለው ዝርያ ከአገሬው ጓያ አጠገብ ሲዘራ ከጊዜ በኋላ ጠባዩ ይደባለቃል። ንጹሕ ዘር በየጊዜው እየታደሰ ለገበሬው ካልደረሰ፣ የምርምሩ ድካም በጥቂት አዝመራ ውስጥ ይባክናል። የአገሬው ዝርያዎችም ቢሆኑ በዘር ማከማቻ ተጠብቀው መቈየት አለባቸው፤ ድርቅንና ውሃን የመቻል ባሕርይ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።

ከዚህ ምን ይከተላል?

ከላይ ከተዘረዘረው ሁሉ አንድ ዋና ነገር ጐልቶ ይወጣል። የጓያ ሽባነት ቀጠሮ የሚሰጥ በሽታ ነው። አዝመራው ሲበላሽ፣ የጤፍና የገብስ ዋጋ ሲንር፣ በገበያ የሚታየው ጓያ ብቻ ሲሆን፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣው ይታወቃል። ሌላው የሽባነት ምክንያት ሁሉ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም። በዚያ ቀጠሮ ውስጥ መሥራት የሚቻለውም ሥራ ውድ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ የእርሻ ሠራተኛው ስለ አዝመራው የሚያቀርበው ዘገባ በዚያው ሳምንት ለጤና ጣቢያው ይድረስ። ሁለተኛ፣ የእርዳታ እህል ጓያ ወደሚበላበት አካባቢ ሲላክ ረኃቡ እስኪበረታ አይጠበቅ፤ ጥቂት ስንዴ በጊዜው ቢደርስና ከጓያው ጋር ቢቀላቀል፣ ዘግይቶ ከሚመጣ ብዙ ኩንታል ይልቅ እግር ያድናል። ሦስተኛ፣ ንፍሮና ቆሎ ከመብላት ይልቅ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀላቅሎ መጋገር፣ በሽሮ መልክ ማዘጋጀት እንደሚሻል በየቤቱ ይነገር። አራተኛ፣ አስቀድመው ሽባ የሆኑት ወገኖች አይረሱ። እነርሱን ከምርኩዝ ማላቀቅ ባይቻልም፣ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሙያ ማስተማርና መሣሪያውን መስጠት ይቻላል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ጉባኤዎች ጥሩ ጽሑፎች ወልደዋል፤ ወደፊትም ይወልዳሉ። የጉባኤ ፍሬ የሚለካው ግን ዕውቀቱ በክፉው ዓመት ከገበሬው ማሰሮ ቀድሞ ሲደርስ ነው። ሐኪሙ፣ የእርሻ ባለሙያው፣ ኬሚስቱና የእርዳታ እህል አከፋፋዩ በየዓመቱ አዝመራው ከመታየቱ በፊት አንድ ጊዜ ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ የሚቀጥለው ድርቅ ሲመጣ የሚታጠፍ ጉልበት ያንሳል። ይህንንም ለማድረግ አዲስ ግኝት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዕውቀት ተገኝቷልና።